ያውቁ ኖሯል? አባት ሳይኖረው አያት ያለው ማን ነው?

የዚህ ገጽ ጥያቄዎች ከሩቅ አልመጡም። አብዛኞቹ ከግቢ፣ ከጓዳ፣ ደጅ ከቆመ ዛፍና ከገዛ ሰውነታችን የተለቀሙ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የተጻፉት። ከዶሮ እንጀምር።

በበዓል ዋዜማ ዶሮ ሲታረድ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። አንገቷ ተቆርጦ የተጣለች ዶሮ ድንገት ተነስታ ትፈረጥጣለች፤ ሕፃናቱ እየጮኹ ይበታተናሉ፤ የለመዱ እናቶች ቀድመው ቅርጫት ወይም ሳፋ ይደፉባታል። ምን ሆና ነው? እግርን እያፈራረቁ ማንሳትና መጣል የአንጎል ሥራ ብቻ አይደለም። የእርምጃውን ምት የሚያወጡት ነርቮች ያሉት በጀርባ አጥንት ውስጥ በሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር ላይ ነው። አንጎል «ሂጂ»፣ «ቁሚ»፣ «ዙሪ» እያለ ያዛል እንጂ እያንዳንዱን እርምጃ አይቆጥርም። አዛዡ ሲቆረጥ ሕብለ ሰረሰሩ የሚገታው አጥቶ ለጥቂት ጊዜ በራሱ ይሠራል።

በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ፍሩታ በምትባል ከተማ፣ በ1945 አንገቱን የተቀላ አንድ አውራ ዶሮ ግን 18 ወር ኖሯል። ማይክ ይሉታል። መጥረቢያው ከፍ ብሎ ስላረፈ ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ አብዛኛው ከአንገቱ ጋር ቀርቶ ነበር፤ ደሙም ረግቶ ቆመ። ባለቤቱ ወተትና ውሃ በማንጠባጠቢያ በቀጥታ ወደ ጉሮሮው እየጨመረ አኖረው፤ ከከተማ ከተማ እያዞረም በገንዘብ አሳየው። ማይክ የሞተው በ1947 ነው።

አውራ ዶሮ የሚጮኸው የጎህን ብርሃን አይቶ ይመስልዎታል? በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አውራ ዶሮዎችን ቀንና ሌሊት በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አስቀመጧቸው። ዶሮዎቹ ጎህ ሊቀድ ይገባው በነበረበት ሰዓት ገደማ መጮኻቸውን ቀጠሉ። ሰዓቱ በውስጣቸው ነው። ይህ በ2013 ታተመ፤ በ2015 ደግሞ የባሰውን አመጡ። አብረው የሚኖሩ አውራ ዶሮዎች ተደባድበው ማዕረግ ያወጣሉ፤ ንጋት ላይ መጀመሪያ የሚጮኸውም የሁሉ የበላይ የሆነው ነው። ሌሎቹ በየማዕረጋቸው ይከተላሉ። የበላዩን ከመካከላቸው ሲያወጡት ሁለተኛው ቦታውን ወርሶ ቀድሞ መጮኽ ጀመረ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅስዎት የጎረቤት ዶሮ፣ ቢያንስ አለቃ መሆኑን ይወቁለት።

ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልጋት ጫጩት ለመፈልፈል ነው። አንድ እንቁላል ተሠርቶ እስኪያልቅ 25 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ የቅርፊቱ ሥራ ነው። ሥራው ከአንድ ቀን ስለሚተርፍ ዶሮዋ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያረፈደች ትጥልና አንዱን ቀን ትዘለዋለች።

የደረቷ ሥጋ ነጭ፣ የጭኗ ጠቆር ያለውስ ለምንድን ነው? ቀኑን ሙሉ የምትቆመውም የምትጭረውም በእግሯ ስለሆነ። ለረጅም ሥራ የተሠራ ጡንቻ ማዮግሎቢን የሚባል ኦክስጅን የሚያከማች ቀይ ፕሮቲን ይበዛበታል። ክንፍ የሚያርገበግበው የደረት ጡንቻ ግን የሚሠራው አጥር ለመዝለል ያህል ለአፍታ ነው። ርቃ የምትበረው የርግብ ደረት ጠቆር ያለ ነው።

ዶሮዋ ከተገነጠለች በኋላ ሽንኩርቱ ይቀራል። ሽንኩርት እንዳለ ቢያቅፉት ማንንም አያስለቅስም። በሕዋሱ ውስጥ ሰልፈር ያለበት አንድ ንጥረ ነገርና አንድ ኢንዛይም በየክፍላቸው ተለያይተው ይኖራሉ። ቢላዋው ክፍሉን ሲያፈርሰው ይገናኛሉ፤ ሁለተኛ ኢንዛይም ደግሞ ከዚያ የተገኘውን ውጤት ወደሚበን ጋዝ ይለውጠዋል። ጋዙ ዓይን ላይ ሲደርስ ነርቮቹ ይቆጣሉ፤ ዓይንም አጥቦ ለማስወጣት እንባ ያፈሳል። ድሮ የመጀመሪያው ኢንዛይም ብቻውን ይበቃል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሁለተኛው መኖሩን በ2002 ያሳዩት ጃፓናውያን ናቸው፤ በ2013ም አስቀድመው የሚያስቁ ቀጥለው የሚያሳስቡ ምርምሮች የሚሸለሙበትን የኢግ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ለጓዳ የሚተርፈው ምክር አጭር ነው፤ ቢላዋውን ይሳሉት፣ ሽንኩርቱንም አስቀድመው ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት። የተሳለ ቢላዋ የሚጨፈልቀው ሕዋስ ጥቂት ነው፤ ቅዝቃዜ ደግሞ ኢንዛይሙን ያዘገየዋል። ቁሌቱ ከጋለ በኋላ ኢንዛይሞቹ በሙቀት ስለሚበላሹ ለቅሶው ያበቃል።

በርበሬ ያቃጥላል እንላለን። በቴርሞሜትር ቢለካ ግን ምላስዎ ቅንጣት ታህል አልሞቀም። ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር የሚያደርገው በነርቮች ጫፍ ላይ ያለውን የሙቀት ጠቋሚ ማታለል ነው። ይህ ጠቋሚ በተፈጥሮው የሚነቃው ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የጋለ ነገር ሲነካው ነው። ለአንጎል የሚደርሰው መልእክት እሳት ሲነካን የሚደርሰው ያው መልእክት ስለሆነ ያልብዎታል፣ አፍንጫዎ ይፈሳል፣ ፊትዎ ይቀላል። ጠቋሚውን ያገኘው አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተካፍሏል።

ቃጠሎውን ውሃ አያበርደውም፤ ካፕሳይሲን በስብ እንጂ በውሃ አይሟሟምና። ይልቅ በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ከምላስ ላይ እየያዘ ያነሳዋል። ከዶሮ ወጥና ከክትፎ ጎን አይብ ማቅረብ የጀመሩት እናቶች ኬሚስትሪ ሳይማሩ መልሱን አግኝተውታል ማለት ነው።

ወፎችስ? የወፍ ጠቋሚ ለካፕሳይሲን ደንታ የለውም፤ ሚጥሚጣ ቀኑን ሙሉ ብትለቅም ምንም አይሰማትም። ለተክሉ የሚበጀውም ይኸው ነው። አይጥ ፍሬውን ከነዘሩ ፈጭታ ታጠፋዋለች፤ ወፍ ግን ዘሩን እንዳለ ውጣ ራቅ ብላ ከነማዳበሪያው ትጥለዋለች። ስለዚህ ቃጠሎው የማይፈለጉትን አባርሮ የሚፈለጉትን የሚያስቀር ነው። ሰው የሚባለው ፍጡር እየተቃጠለ እንዲጨመርለት የሚጠይቅ መሆኑ በተክሉ ስሌት ውስጥ አልነበረም። በነገራችን ላይ የበርበሬ ትውልድ አገር የአሜሪካ አህጉር ነው። ኮሎምበስ በ1492 ከመሻገሩ በፊት በኢትዮጵያ ምድር በርበሬ የቀመሰ ሰው አልነበረም። የዚያን ዘመን ወጥ ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት ልብ ያለው ይሞክር።

የእንጀራ ዓይን የትንፋሽ መውጫ ነው። በእርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት የጤፉን ስኳር እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፤ ምጣዱ ሲግል ጋዙና እንፋሎቱ ሊጡን እየበሱ ወደ ላይ ያመልጣሉ። ኮምጠጥ የሚያደርገው ደግሞ ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩት አሲድ ነው።

ዝንብ በእግሯ ትቀምሳለች። ምግብዎ ላይ ካረፈች ቀምሳዋለች ማለት ነው፤ እግሮቿን እርስ በርስ የምታሸውም የመቅመሻዋን ቆሻሻ ለማራገፍ ነው።

ቡና ካፌይን የሚሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም። ካፌይን ለነፍሳት መርዝ ነው፤ ተክሉ ቅጠሉንና ፍሬውን የሚጠብቅበት መሣሪያ ነው። ነገር ግን በአበባው ማር ውስጥ እጅግ ጥቂት ካፌይን ይጨምራል፤ እዚያ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። በ2013 የታተመ ምርምር እንዳሳየው ካፌይን ያለበትን ጣፋጭ የቀመሱ ንቦች የአበባውን ሽታ ከአንድ ቀን በኋላ የማስታወስ ዕድላቸው በሦስት እጥፍ ጨምሯል። ንብ ስታስታውስ ትመለሳለች። እኛም አቦል ጠጥተን ቶናና በረካን የምንጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

በሰው አንጎል ውስጥ ነቅተን በዋልን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ ድካም የሚሰማን እሱ ከማረፊያው ሲቀመጥ ነው። ካፌይን የአዴኖሲንን ወንበር ቀድሞ እንደሚይዝ እንግዳ ነው። ድካሙ አልጠፋም፤ መቀመጫ አጥቶ ቆሟል እንጂ። በጤነኛ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ የካፌይኑ ግማሽ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጡት ቡና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና እዚያው ነው።

አሁን ደግሞ ቡናንና በቅሎን አንድ ላይ እንያቸው። ሁለቱም ድቅሎች ናቸው። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል፤ አባቷ አህያ መሆኑን ማን ያጣዋል! ፈረስ 64 ክሮሞሶም አለው፣ አህያ 62። በቅሎ ከእናቷ 32፣ ከአባቷ 31 ወስዳ 63 ይዛ ትወለዳለች። የዘር ሕዋስ ሲሠራ ክሮሞሶሞች አቻ አቻቸውን ይዘው መሰለፍ አለባቸው፤ የበቅሎ ክሮሞሶሞች ግን ቁጥራቸውም አይገጥም፣ መልካቸውም አይመሳሰልም። ስለዚህ በቅሎ ወለደች የሚባለው እጅግ አልፎ አልፎ የሚሰማ ተአምር ነው።

አረቢካ ቡናም የተወለደው ከሁለት የተለያዩ የቡና ዝርያዎች ነው፤ አንደኛው ሮቡስታ የምንለው ካኔፎራ፣ ሌላው ዩጂኒዮይደስ የተባለ የምሥራቅ አፍሪካ የዱር ቡና። እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞሶም አላቸው። ታዲያ አረቢካ እንደ በቅሎ መካን ያልሆነው ለምንድን ነው? ከእያንዳንዱ ወላጅ ግማሽ በግማሽ ሳይሆን ሙሉውን ስለያዘ ነው። 44 ክሮሞሶም አለው፤ እያንዳንዱ ክሮሞሶም አቻውን ያገኛል፤ ሰልፉ አይበላሽም። ከዚህም አልፎ የአረቢካ ዛፍ ራሱን በራሱ አዳቅሎ ዘር መስጠት ይችላል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ዛሬም ሳይተከል በቅሎ የሚገኘው ቡና የዚያ ድቅል ዝርያ ነው።

የርዕሱን ጥያቄ አልረሳሁትም። አባት ሳይኖረው አያት ያለው ድንጉላ ነው፤ ወንዱ ንብ። ንግሥቲቱ እንቁላል ስትጥል ያጠራቀመችውን የወንድ ዘር ትጨምርበታለች ወይም ትተወዋለች። ከተጨመረበት ሴት ትወለዳለች፤ ካልተጨመረበት ድንጉላ ይወለዳል። እናቱ ግን አባት ነበራት፤ ስለዚህ ድንጉላው አያት አለው። ሴቶቹ 32 ክሮሞሶም ሲኖራቸው እሱ 16 ብቻ ነው ያለው። የድንጉላን የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ቢቆጥሩት ወላጅ 1፣ አያት 2፣ ቅድመ አያት 3፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 8 እያለ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ቁጥር የፊተኞቹ የሁለቱ ድምር ነው። ድንጉላ ያለ አባት እንደሚወለድ በ1845 ጽፎ የተሟገተው ዚርዞን የተባለ የሲሌዥያ ካህንና ንብ አናቢ ነበር።

ንግሥትና ሠራተኛ ንብ ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው የሚወጡት። ልዩነቱን የሚያመጣው ገና እጭ ሳሉ የሚበሉት ምግብ ነው። ሠራተኛዋ በዕድሜ ዘመኗ ሁሉ ደክማ የምታስገባው ማር የሻይ ማንኪያ አንድ አሥራ ሁለተኛ ያህል ነው።

ማርን ካነሳን ዘንድ፣ ሰውን ወደ ማር የምትመራ ወፍ እንዳለች ያውቁ ኖሯል? ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የምትገኝ፣ መልኳ ዓይን የማይስብ፣ ግራጫማ ወፍ ናት። ሰው ስታይ እየተንጫጫች ትቀርባለች፤ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች፣ መከተሉን እያየች፣ ቀፎው ያለበት ትደርስና ዝም ትላለች። ሰውየው ንቦቹን በጭስ አባርሮ ማሩን ይወስዳል፤ ወፏ የተጣለውን ሰፈፍ ትበላለች። ሰም መፍጨት ከሚችሉት ጥቂት ወፎች አንዷ ናት። ሑሴን ኢሳቅና ራየር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሰሜን ኬንያ ከቦረና ማር ቆራጮች ጋር ውለው በ1989 እንደጻፉት፣ በማያውቁት አካባቢ አንድ ቀፎ ለማግኘት ያለ ወፏ በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅባቸው ከወፏ ጋር 3.2 ሰዓት ብቻ ይበቃቸው ነበር። በሞዛምቢክ የያዎ ሕዝብ ደግሞ ወፏን የሚጠራበት ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ድምፅ አለው፤ በ2016 በታተመ ምርምር ይህን ድምፅ እያሰሙ የሄዱ ሰዎች ሌላ ድምፅ ካሰሙት ይልቅ ብዙ ጊዜ ተመርተዋል።

ወዳጅ መስላ ብትታይም አስተዳደጓ ጭካኔ ነው። እናትየው እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥላ ትሄዳለች፤ የተፈለፈለው ጫጩት ገና ዓይኑ ሳይገለጥ በመንቆሩ ጫፍ ባለው ሜንጦ የባለቤቶቹን ጫጩቶች ወግቶ ይገድላቸዋል። ወላጆቿን አይታ የማታውቅ ወፍ ናት ሰውን መርታ ማር የምታሳየው።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሾላ ነው። «ሾላ በድፍኑ» ማለት የሚወድ አንባቢ ቢኖር ይህን አንቀጽ ይለፈው። ሾላ አበባ የለውም ይባላል። አለው፤ ብዙ ነው፤ ግን ፍሬ በምንለው ነገር ውስጥ ወደ ውስጥ ዞሮ ነው የሚያብበው። ንብ አትደርስበትም። የሚደርሱበት ቁመታቸው በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ጥቃቅን ተርቦች ናቸው። ሴቷ ተርብ በፍሬው ጫፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ተጋፍታ ትገባለች፤ ስትገባ ክንፎቿ ይነቀላሉ፤ መመለስ የለም። ይዛ የመጣችውን ዱቄት ለአበቦቹ ታደርሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ ሲፈለፈሉ ወንዶቹ ይቀድማሉ፤ ክንፍ የላቸውም። ከሴቶቹ ጋር በጨለማው ውስጥ ይገናኙና ለእነሱ መውጫ ቀዳዳ ይቆፍራሉ፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አይቆዩም። ሴቶቹ የአበባውን ዱቄት ተሸክመው ሌላ የሾላ ዛፍ ፍለጋ ይበርራሉ፤ ለዚህ ያላቸው ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ዋርካውም በዚሁ ሥርዓት የሚኖር የሾላ ዘመድ ነው፤ የየራሳቸው ተርብ አላቸው። ሾላው ወደ ግብፅ ሲወሰድ ተርቧ አልተከተለችውም። ግብፃውያን ግን ፍሬውን በቢላዋ ጫር ሲያደርጉት እንደሚበስል ደረሱበት፤ ቁስሉ ፍሬው ኤቲሊን የተባለ የሚያበስል ጋዝ እንዲያወጣ ያደርገዋል። ጭረቱ ያለባቸው ደረቅ ሾላዎች ከጥንት መቃብሮቻቸው ተገኝተዋል።

ፈጠን እንበል።

የቀጭኔ አንገት አጥንት ስንት ይመስልዎታል? 7። የእርስዎም 7፣ የአይጥም 7።

የግመል ሻኛ ውስጥ ውሃ የለም፤ ስብ ነው። ውሃውን በአንድ ጊዜ ነው የምትጠጣው፤ የተጠማች ግመል በ10 ደቂቃ ገደማ 100 ሊትር ትጨርሳለች። ሌላ እንስሳ እንዲህ ቢጠጣ የደም ሕዋሱ አብጦ ይፈነዳል፤ የግመል ቀይ የደም ሕዋስ ሞላላ ስለሆነ እብጠቱን ይችለዋል።

ላም ሣር ትበላለች እንጂ ሣሩን የሚፈጩላት ሌሎች ናቸው። ሆዷ ባለ አራት ክፍል ነው፤ ዱለት ወዳዶች የሚያውቁት ጨጓራና ለማጠብ የሚያስቸግረው ሽንፍላ ከነዚሁ ክፍሎች ናቸው። በትልቁ ክፍል ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳት የሣሩን ጠንካራ ክፍል ይሰባብራሉ፤ እሷ የነሱን ውጤትና ራሳቸውንም ትመገባለች። የአየር ንብረት ስብሰባዎች መነጋገሪያ የሆነው ሚቴን በአብዛኛው የሚወጣውም ሰው እንደሚገምተው ከኋላ አይደለም፤ በአፏ በግሳት ነው።

ጅብ ውሻ ይመስላል፤ በዘር ግን ለድመት ይቀርባል። የመንጋው አለቃ ሴት ናት፤ ከወንዱም ትገዝፋለች። ኩሱ ደርቆ የሚነጣው የበላው አጥንት ነው።

እስስት ቀለሟን የምትለውጠው በዋናነት ለመደበቅ አይደለም። የማዳጋስካር እስስቶችን ያጠኑ የጄኔቫ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት፣ በቆዳ ሕዋሶቿ ውስጥ የተደረደሩ ደቃቅ ክሪስታሎች አሉ። ስትረጋጋ ተጠጋግተው ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ፤ እሱም ከቆዳዋ ቢጫ ጋር ሲደባለቅ አረንጓዴ ይሆናል። ወንዱ ተቀናቃኝ ሲያይ ወይም ሴት ሲፈልግ ክሪስታሎቹ ይራራቃሉ፤ ቢጫና ቀይ ይወጣል። ስሜቱን ደብቆ መዋል የማይችል ፍጡር ነው።

ወደ ባሌ እንውጣ። ቀይ ቀበሮ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ እንስሳ ነው፤ በዓለም ያለው ከ500 አይበልጥም፤ ምግቡም በዋናነት የደጋ አይጥ ነው። በ2024 ግን ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ዘገቡ። ቀበሮዎቹ እንደ ችቦ ወደ ላይ የቆመ ቀይና ቢጫ አበባ ወዳለው ተክል እየሄዱ ማሩን ይልሱታል። አንዳንዱ በአንድ ጊዜ እስከ 30 አበባ ይጎበኛል፤ አፍንጫው በአበባው ዱቄት ይለወሳል። ዱቄቱን ከአበባ አበባ እያዛወረ ሊሆን ይችላል፤ ሥጋ በል የሆነ ትልቅ እንስሳ የንብን ሥራ ሲሠራ አይታሰብም ነበር።

በመንዝ ጓሳ ደግሞ ይኸው ቀበሮ ከጭላዳ ጋር ይውላል። ጭላዳ በዋናነት ሣር በመጋጥ የሚኖር ብቸኛው የዝንጀሮ ዘመድ ነው። ቀበሮው በመንጋው መካከል ቀስ እያለ ይዘዋወራል፤ ግልገሎቹን አይነካም፤ እነሱም አይሸሹትም። ትርፉ ምንድን ነው? በ2015 የታተመ ጥናት ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል አይጥ ሊይዝ ከሞከረው 67 በመቶ ሲሳካለት ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት 25 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል።

የወባ ትንኝ ስትነክስዎ «ነከሰኝ» አይበሉ፤ የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት። ደሙን የምትፈልገው ለእንቁላሏ ፕሮቲን ነው፤ ወንዱ የአበባ ማር ቀስሞ ያድራል። ወባ የገጠርና የረግረግ በሽታ ነው የሚለው ደግሞ ጊዜው እያለፈበት ነው። ከእስያ የመጣችው ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 በቀብሪደሃር ነው፤ እሷ የምትራባው ከተማ ውስጥ፣ በሮቶ፣ በበርሜልና ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ነው። ድሬዳዋ በ2022 በእሷ ምክንያት የወባ ወረርሽኝ ገጥሟታል። የሮቶዎን ክዳን አሁኑኑ ይዩት።

ከእንስሳው ወደ ራሳችን። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት የወተትን ስኳር በደንብ መፍጨት አይችሉም፤ ኢንዛይሙ ከልጅነት በኋላ ይቀንስባቸዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ከብት አርቢዎች ዘንድ ኢንዛይሙ እንዲቀጥል የሚያደርጉት የዘር ለውጦች ከአውሮፓውያኑ ተለይተው ለብቻቸው የመጡ ናቸው። ወተት የሚነፋው ሰው እርጎ የሚስማማው ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን ከፊል አስቀድመው ስለበሉለት ነው።

ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል፤ ደም የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ይህን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸውን አብዝተው ነው። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ብዙም አይጨምርም፤ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው በ2002 ያወጡት ውጤት ከሁለቱም የተለየ ሆነ። ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። ሦስት ተራራ፣ ሦስት መልስ።

ልብስ ሲያጥቡ የጣትዎ ጫፍ የሚጨማደደው ውሃ ጠጥቶ አብጦ አይደለም። ነርቭ የሚያዘው ሥራ ነው፤ የደም ሥሮቹ ሲጠቡ ቆዳው ወደ ውስጥ ይሳባል። ነርቩ የተቆረጠ ጣት ውሃ ውስጥ ቢውል አይጨማደድም። በ2013 በእንግሊዝ ኒውካስል የተደረገ ሙከራ የተጨማደደ ጣት እርጥብ ዕቃ በፍጥነት እንደሚያነሳ አሳይቷል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ሲያለቅስ እንባ አይወርደውም፤ የሚፈሰው እንባ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። አጥንቱ ደግሞ ከእርስዎ ይበልጣል፤ ወደ 300 ይጠጋል። እያደገ ሲሄድ እርስ በርስ ይገጣጠሙና 206 ይቀራሉ።

ስቅ ሲለን «ማን አነሳኝ?» እንላለን። ያነሳን የለም፤ ሳንባን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ ድንገት ተኮማትሮ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ የድምፅ መስመራችን ወዲያው ይዘጋል፤ «ስቅ» የሚለው ያ መዝጋት ነው። ጽንስ ሳይቀር በእናቱ ማሕፀን ስቅ ይለዋል፤ እናትየውም ምት ያለው ትንሽ ንዝረት ይሰማታል። ከሁሉ የከፋው የቻርልስ ኦስቦርን ነው። የአሜሪካ አዮዋ ገበሬ ነበር። በ1922 ሊያርደው ያሰበውን አሳማ ለመመዘን ሲታገል የጀመረው ስቅታ 68 ዓመት ዘለቀበት፤ በመካከሉ አገባ፣ ልጆች ወለደ። በ1990 ሳይታሰብ በራሱ ቆመ፤ ሰውየው አንድ ዓመት ገደማ ያለ ስቅታ ኖሮ በ1991 አረፈ።